«ራነር አፕ» ማለት ሯጭ ማለት ነው እንዴ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የሰፈራችን ልጆች የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጅተናል። ስምንት ቡድን ነው፣ በጥሎ ማለፍ። ዋንጫ ልናዝ ስንል ለአንደኛው ‹ሻምፒዮን›፣ ለሁለተኛው ‹ራነር አፕ› ተብሎ ይጻፍ ተባለ። ከኮሚቴው አንዱ ‹ራነር ሯጭ ማለት ነው፣ ኳስ ተጫዋች ሯጭ ይባላል ወይ?› ብሎ ተነሳ። ሌላው ሦስተኛውም ራነር አፕ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን ብንጽፍ ይሻላል?»

አብሽር ወንድሜ። ያልተጨቃጨቀ ኮሚቴ ኮሚቴ አይባልም።

ባጭሩ ልመልስልህ። ራነር አፕ ሁለተኛ የወጣ ማለት ነው። ሦስተኛውንም የሚጨምርበት ቦታ አለ፣ እናንተ ጋ ግን አይሠራም። ዋንጫው ላይ «2ኛ የወጣ ቡድን» ብላችሁ ጻፉ። የቸኮለ እዚህ ጋ ይበቃዋል። ያልቸኮለ ቡና ያስፈላ፣ ወሬው ረዘም ይላል።

እኔ ስንት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ አሁን ደሴ ፒያሳ ላይ ትርጉምና የሰርተፊኬት ጽሑፍ ይዤ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሰኔ ሲመጣ ትምህርት ቤቱም፣ የሰፈር ቡድኑም፣ የሩጫ አዘጋጁም እኩል ይሸልማል። ስለዚህ ይህች ቃል በየዓመቱ ጠረጴዛዬ ላይ ታርፋለች። አንዱ «ራነር አፕ» ብሎ ያመጣታል፣ አንዱ «ረነራፕ»፣ አንድ ጊዜማ «ሩነር ሀብ» ተብላ መጥታ አይቻለሁ።

ሯጭ ማለት ነው ያለው ጓደኛህ አልተሳሳተም። ራነር ሯጭ ነው። ብቻ ሯጩ ሰው አይደለም፣ ውሻ ነው።

እንግሊዞች ድሮ አንድ የሚወዱት ጨዋታ ነበራቸው። ጥንቸል ተነድታ ሜዳ ላይ ትወጣና ሁለት ቀጫጭን የአደን ውሾች፣ ግሬይሃውንድ የሚባሉት፣ እኩል ይለቀቁባታል። አንዱ ቀይ አንገትጌ ያስራል፣ ሌላው ነጭ፣ ዳኛው እንዳይምታታበት። ዳኛው ፈረስ ላይ ነው፣ እየጋለበ ይከተላቸዋል። ነጥቡ ደግሞ ጥንቸሏን ለያዘ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ለደረሰባትና መንገድ ላስቀየራት ነው። የተረታው ውሻ ወደ ቤቱ፣ የረታው ወደሚቀጥለው ዙር። እንግዲህ የእኛው ጥሎ ማለፍ ማለት ነው፣ አንዱን ጥለህ ታልፋለህ፣ ቀጥሎ አንተን የሚጥል ይመጣል።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ውድድር ዋተርሉ ካፕ ይባላል። ሊቨርፑል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1836 ነው የተጀመረው፣ በኋላ 64 ውሻ ድረስ የሚወዳደርበት ሆነ። እስቲ ቁጭ ብለህ አስላው። 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2። ስድስት ዙር ነው። ዋንጫ የሚወስደው ውሻ ስድስቱንም ያሸንፋል። ሌላኛው አምስቱን አሸንፎ አንዷን ብቻ፣ የመጨረሻዋን ብቻ ይሸነፋል። ራነር አፕ ያሉት ይሄንን ውሻ ነው። ቃሉ በዚህ ትርጉም በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1842 ጀምሮ ነው። ለሰውና ለቡድን የዋለው ከዚያ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1880ዎቹ ነው። ጨዋታው ራሱ እንግሊዝ ውስጥ በ2005 በሕግ ታገደ። ውሻው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ።

አሁን ይህን ወደ ኮምቦልቻ አምጣው። ስምንት ቡድን አላችሁ። ሁለተኛ የሚወጣው ሩብ ፍጻሜ ያሸንፋል፣ ግማሽ ፍጻሜ ያሸንፋል፣ ፍጻሜ ላይ ይሸነፋል። ሁለት ድል፣ አንድ ሽንፈት። ሦስተኛ የሚወጣውስ? ሩብ ፍጻሜ ያሸንፋል፣ ግማሽ ፍጻሜ ይሸነፋል፣ የደረጃ ጨዋታውን ያሸንፋል። እሱም ሁለት ድል፣ አንድ ሽንፈት! አየህ፣ ሒሳባቸው አንድ ነው። እንዲያውም ሦስተኛው አሸንፎ ነው ከሜዳ የሚወጣው፣ እየዘፈነ። ሁለተኛው ነው አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው። ልዩነቱ ሽንፈቷ መቼ መጣች የሚለው ላይ ብቻ ነው፣ ራነር አፕ የሚለው ቃልም የያዘው ይህንኑ ነው፦ ሽንፈቱ መጨረሻ ላይ የመጣበት።

እና ሦስተኛውም ራነር አፕ ነው ያለው ልጅ ከየት አመጣው? ከየትም አልፈጠረውም። እንግሊዝኛው በብዙ ቁጥር ሲሆን አንዳንዴ ከአሸናፊው ቀጥሎ የተሸለሙትን በሙሉ ይጠራበታል። በተለይ የቁንጅና ውድድር ላይ። እዚያ «ፈርስት ራነር አፕ»፣ «ሰከንድ ራነር አፕ» እየተባለ ይቆጠራል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ገብቼበታለሁ።

አንዲት ልጅ የቁንጅና ውድድር ሰርተፊኬቷን ይዛ መጣች፣ ወደ አማርኛ ተርጉምልኝ ብላ። «ፈርስት ራነር አፕ» ይላል። እኔ በአንድ ጆሮዬ ስልክ እያወራሁ ነበር። «አንደኛ» ብዬ ጻፍኩት፣ አተምኩት፣ ማኅተም መታሁበት። ልጅቷ አነበበችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ አንደኛ የወጣችው እኮ ጓደኛዬ ናት» አለችኝ። «የታለች?» አልኳት። በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። እውነትም ደጅ ላይ ቆማለች፣ ቆሎ እየበላች።

ፈርስት ራነር አፕ 2ኛ ናት። ሰከንድ ራነር አፕ 3ኛ ናት። ቁጥሩ የሚጀምረው ከአሸናፊዋ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጅህ ከገባ በቁጥሩ ላይ አንድ ደምርበትና ተርጉም። እናንተ ግን ኳስ ነው የምትጫወቱት፣ ኳስ ላይ ራነር አፕ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው።

ብዙ ቁጥሩንም ላንሳልህ፣ ሰርተፊኬት ላይ ስለሚበላሽ። «ራነርስ አፕ» ነው እንጂ «ራነር አፕስ» አይባልም። ብዛቱ ሯጩ ላይ ነው የሚገባው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሲበዛ አብያተ ክርስቲያናት ይሆን የለ? ክርስቲያኑን ብቻ አብዝተህ ቤቱን አትተወውም። እንደዚያ ያዘው።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ሰው ለአንዱ የእንግሊዝኛ ስም አንድ የአማርኛ ስም ይፈልግና ሲያጣ «አማርኛ ቃል የለውም» ብሎ ይደመድማል። አማርኛ ይህን ነገር በስም አይናገረውም፣ በግስ ነው የሚናገረው። ወጣ። ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ ልጅ እየሮጠ ቤት ሲገባ የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ተብሎ ነው። «ሁለተኛ!» ይላል። አያቱ ጎረቤት ሄደው «ልጃችን ሁለተኛ ወጣ» ይላሉ። አለቀ። ማንም ምን ማለታቸው ነው አይልም። በአማርኛ ፀሐይ ይወጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ስም ይወጣል፣ ልጅ ከክፍሉ ሁለተኛ ይወጣል። ያልሆነለት ደግሞ ይወድቃል። ስለዚህ በእኛ አነጋገር ሁለተኛ የሆነ ሰው ከወጡት ወገን ነው የሚቆጠረው። የእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ላይ የተሸነፈ ነው የሚልህ፣ የእኛው ወጣ ነው የሚልህ። እኔ የእኛው ይሻለኛል፣ አድልዎ በለው።

ሰዎች የሚያመጧቸው ሌሎች ቃላት አሉ። «ምክትል ሻምፒዮን» ይሉኛል። ምክትል ማለት ዋናው በሌለበት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ነው። የቁንጅና ውድድር ላይ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም አሸናፊዋ ዘውዱን መያዝ ካልቻለች ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው ለቀጣይዋ ነው። ኳስ ላይ ግን የሻምፒዮኑ ምክትል ማለት ምንድን ነው? ሻምፒዮኑ ሲታመም ዋንጫውን ይዞ የሚዞር? «ተከታይ»ም ይሉኛል። ድሮ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ዛሬ ተከታይ ሲባል ሰው የሚያስበው ቲክቶክ ነው። አንዱ የተማረ ሰው «ዳግማዊ» ይሁን ብሎኝ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ምኒልክ ለሚለው ስም ሁለተኛ ናቸው እንጂ ሩጫ አልተወዳደሩም። «ባለ ብር» የሚል ሐሳብም መጥቷል፣ ከብር ሜዳሊያው ተነስቶ። የሰፈር ቡድን ላይ «ባለ ብር» ብለህ ጻፍና በማግስቱ ስንት ሰው ለብድር በራቸውን እንደሚያንኳኳ ታያለህ።

«ተሸናፊ»ን ጨርሶ አታስገባት። ቃሉ ውሸት አይደለም፣ ግን ከስምንቱ ሰባቱም ተሸናፊ ናቸው። አንዱን ለይተህ ዋንጫ ሰጥተህ ተሸናፊ ማለት ስጦታ ሳይሆን ስድብ ነው።

«ሁለተኛ» ብቻ ብንልስ? ይሄም ጣጣ አለው። እኛ ሁለተኛ የምንለው ስንምልም ነው። «ሁለተኛ እዚህ ቤት አልደርስም»፣ «ሁለተኛ አይለመደኝም»። ሰውዬው ተናዶ ዝም ብሎ «ሁለተኛ!» ካለ ዳግም አላደርገውም ማለቱ ነው። እና አንድ ቡድን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፎ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ «ሁለተኛ» ብቻ የሚል ዋንጫ ብትሰጠው ልጆቹ ምን ብለው እንደሚያነቡት አስበው።

«ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን ብዙ ሰው ይወደዋል። ጋዜጠኞችም ይጠቀሙበታል፣ «ሁለተኛ ደረጃን ይዞ አጠናቀቀ» ይላሉ፣ ትክክል ነው። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ምንም አይልም። ግን ብቻውን ዋንጫ ላይ ስታስቀምጠው ከሁለት ነገር ጋር ይጋጫል። አንደኛ ትምህርት ቤት ነው የሚመስለው። ደሞ የሚገርመው ትምህርት ቤት ላይ ሁለተኛ ደረጃ ከአንደኛ ደረጃ ይበልጣል። ሁለተኛ ደግሞ ገበያ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ ማለት ጥራቱ የወረደ ማለት ነው። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ እንጂ ሁለተኛ ደረጃ ቡድን አይደለም።

ለዚህ ነው «2ኛ የወጣ ቡድን» የምልህ። ከጥንቱ የውሻ ትርጉም ጋር በጣም ልታቀራርበው ከፈለግህ «ለፍጻሜ ደርሶ 2ኛ የወጣ» ማለት ትችላለህ፣ ያቺ «ደርሶ» ጠቅላላውን ነገር ይዛዋለች። ግን ዋንጫው እግር ላይ የምትለጠፈው ብረት ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም፣ አይበቃህም።

ሁለተኛነት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ ውድድሩን አይተህ ነው ቃል የምትመርጠው። ሊግ ላይ ፍጻሜ የሚባል የለም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሦስት ዓመት ተከታትሎ ፕሪሚየር ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል፣ እዚህ ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት የምናየው ሰዎች ስንት ማክያቶ በብስጭት እንደቀዘቀዘብን እኛ ነን የምናውቀው። ያን ጊዜ የመጨረሻ ግጥሚያ ተሸንፎ አይደለም፣ ነጥብ አንሶት ነው። እንግሊዞች ግን እሱንም ራነር አፕ ይሉታል። ቃሉ ከውሻው ሜዳ ብዙ ርቆ ሄዷል ማለት ነው። ምድብ ላይም እንደዚሁ፣ «ከምድቡ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ» እንላለን፣ ሁለተኛ ሆኖም አልፎ ይሄዳል።

አንዳንዱ ደግሞ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ሁለተኛ ይወጣል። ማን መሰለህ? እኛ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲካሄድ ሊሳተፉ የነበሩት አራት አገሮች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ከውድድሩ ውጪ ሆነች። እሷን ልትገጥም የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ፍጻሜ ገባች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፣ አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድዲባ የሚባለው። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል፣ እና መዝገብ ላይ ራነር አፕ። የ64ቱ ውሻ አምስት አሸንፎ የሚያገኘውን ስም እኛ ቁጭ ብለን አገኘነው። ደግነቱ ዕዳውን በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1962) አዲስ አበባ ላይ ከፈልን፣ ያው ግብፅን ተጨማሪ ሰዓት ላይ 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን አስቀረን። ያን ጊዜ ራነር አፕ እነሱ ሆኑ።

ሩጫ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ አገር ሩጫን «ተከትሎ ገባ» ነው የምንለው። ስለሺ ስህንን አስበው። አቴንስ 2004፣ 10,000 ሜትር፣ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ። ቤጂንግ 2008፣ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ። መሐል ላይ የ2005ቱ እና የ2007ቱ የዓለም ሻምፒዮናም እንዲያው ነው። አራት ጊዜ። እስካሁን ስለሺ ተሸነፈ ሲባል የሰማ ሰው ካለ ይንገረኝ። «ቀነኒሳን ተከትሎ ገባ» ነው የሚባለው፣ አረንጓዴው ጎርፍ እየተባለ ሲነሳም እሱ መሐሉ አለ። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ሲሆን ግን ቋንቋችን ይቀየራል። ዶሃ ላይ በ2019 ለሜቻ ግርማ በ3,000 ሜትር መሰናክል በ0.01 ሰከንድ ነው ወርቁን ያጣው። ያን ቀን «ተከትሎ ገባ» ያለ ማን አለ? «ተነጠቀ» ነው የተባለው። በተቃራኒው ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም እኛ ቤት ስለ ቴርጋት ስም ያሰበ አልነበረም፣ ጎረቤት ሁሉ እየጮኸ ነበር።

አንድ የጽሑፍ ነገር ልጨምርልህና ላብቃ፣ ራነር አፕ በእንግሊዝኛ ጾታም ዕድሜም አይለይም፣ አማርኛው ግን ይለያል። ለቡድን ከሆነ «የወጣ ቡድን»። ለአንዲት ልጅ «2ኛ የወጣች»። ለትልቅ ሰው ደግሞ «2ኛ የወጡ»። ይህን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። የጤና ቡድን አባቶች ሆጤ ስታዲየም ላይ ሮጠው ሲጨርሱ ሰርተፊኬቱን ሁሉ በአንድ ቅጅ «የወጣ» ብዬ አትሜ ሰጠሁ። አንድ ሽበታም አባት በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥተው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ጣታቸውን ቃሉ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ሮጬ ባልደርስብህም ጽሑፍ ማንበብ እችላለሁ። አንተ ነው ያልከኝ?» አሉ። እዚያው ቆመው ደግሜ አተምኩላቸው፣ ሻይም እኔ ነኝ የከፈልኩት።

ስለዚህ የእናንተን እንዲህ አድርጉት። ላይኛው መስመር የውድድሩ ስም፣ ከሥሩ «2ኛ የወጣ ቡድን»፣ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱ። የአንደኛውንም «ሻምፒዮን» ከማለት «1ኛ የወጣ ቡድን» በሉት፣ ዋንጫዎቹ አንድ ላይ ሲቀመጡ እንዲመሳሰሉ። ሻምፒዮን የምትለዋ ቃል ካሳሳቻችሁ እንዳለች ትቀመጥ፣ እሷን አያቴም ታውቃታለች። የጸባይ ዋንጫ የምትሰጡ ከሆነ እሱ ላይ ቁጥር አያስፈልግም። የቡድኖቹን ስም ቦታ ለጊዜው ባዶ ተዉት፣ ፍጻሜው ሳይደረግ ስም ያስቀረጸ ኮሚቴ አይቻለሁ፣ የደረሰበትን አልነግርህም። ብረቱ ላይ አንዴ ከተጻፈ አይፋቅም፣ እኔም ለአንዲት ፊደል ስል ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አልመጣም፣ ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ለሦስት ሰው አስነብቡት። አንደኛው ያ «ሯጭ ነው» ያለው ጓደኛህ ይሁን፣ ዓይኑ ጥሩ ነው።